በአያቷ መቃብር ላይ ያረፈችው ኳስ

ማክ ሱክጂንግን በመንደሯ የሚያስታውቃት ግራ እጇ ነው። ፊቷም አንገቷም ቀኝ እጇም በፀሐይ ተጠብሰው ጠቁረዋል፤ ግራ እጇ ግን ዓመቱን ሙሉ ጓንት ውስጥ ስለሚውል እንደተላጠ የላይቺ ፍሬ ነጭ ነው። በጎልፍ የሚኖር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ሦስተኛው አጎቷ ግን በሰው ፊት ያን እጅ ከፍ አድርጎ እየያዘ፣ "ይቺን ባለ ሁለት ቆዳ ማን ያገባታል? ባል ቢመጣስ የትኛውን ግማሽ ሊስም ነው?" ይላል።

"እሱ ይምረጥ። እርስዎ ለምን ይጨነቃሉ፣ አጎቴ?" ትለዋለች ጂንግ።

እኔ ብሆን በያዝኩት ዱላ ነበር የምመልስለት። ስሜ ፌንግሊንግ ነው። ከጓንግሺ ተራሮች ሥራ ፍለጋ ወደዚህ ወደ ጓንግዶንግ ስወርድ፣ ጂንግና እኔ በአንድ ሰሞን ከመንደሯ በላይ ባለው የጎልፍ ክበብ ቦርሳ ተሸካሚ ሆነን ተቀጠርን። ዛሬም ቦርሳ ተሸካሚ ነኝ፤ የምሸከመው ግን የእሷን ብቻ ነው።

ክበቡ የተሠራው በመንደሩ የላይቺ እርሻ ላይ ነው። የጂንግ አባት ዛፎች የነበሩበት ቦታ ዛሬ ኳስ የሚቀበርበት አሸዋ ሆኗል። አለቃችን በየማለዳው አሰልፎን "ተሸካሚ ይሸከማል፤ ዱላ መንካት ክልክል ነው" ይለን ነበር። እሷ ደግሞ አንድ ሀብታም ተናዶ የሰበረውን ዱላ ከቆሻሻ አንስታ፣ እጀታውን በፕላስተር ጠቅልላ፣ እንግዶች ሳይመጡ ከሙዝ ተክሉ ጀርባ ትመታ ነበር። አለቃው አንድ ቀን ደረሰባት።

"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ሲባል አልሰማሽም?" አላት።

"ሰምቻለሁ። ልታነቅ፤ ገመዱን ግን እርስዎ አይያዙብኝ" አለችው።

ከሥራ ታገደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ መታች፣ ደግማ ታገደች። በመጨረሻ የባለሙያነቱን ፈተና አልፋ፣ ቦርሳ ስትሸከምላቸው የነበሩ ሰዎች በሚጫወቱበት ሜዳ በገዛ ስሟ ቆመች። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኳ የዋንጫ ታሪክ አይደለም። አንድም ዋንጫ የላትም። አንድ ጊዜ ሃይናን ላይ፣ ዝናብ ሁሉንም ባበሰበሰ ቀን፣ ሦስተኛ ወጥታለች፤ በቃ። የቀረው የአውቶቡስ ጉዞ፣ ለሁለት የምንተኛባት ጠባብ አልጋ፣ ክፍላችን ውስጥ ተደብቀን የምንቀቅለው የሩዝ ፓስታ ነው። እኔ እማረራለሁ፤ እሷ ትበላና ትተኛለች።

አምና ወገቧን ታማ ከሴቶቹ የዓመቱ ውድድር ወጣች። ዘንድሮ ለመመለስ ማጣሪያውን ማለፍ ነበረባት፤ ዕድል ሆኖ ማጣሪያው እዚሁ መንደሯ ክበብ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው አጎት እስከዚያ ሚስቱ የሞተችበት አንድ የሸክላ ነጋዴ አዘጋጅቶላታል። እሷም፣ "ማጣሪያው ካልሆነልኝ ዱላዎቼን እሰቅላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አውሩ" አለች። ጂንግ የተናገረችውን አታጥፍም። ስለዚህ የዚያን ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነበርኩ።

ከመጨረሻው ጉድጓድ በስተግራ ባለው ጉብታ ላይ የማክ ቤተሰብ መቃብሮች አሉ። መንደርተኛው ዛፉን ለክበቡ ሲለቅ መቃብሩን አልለቀቀም። ክበቡ ስላፈረባቸው ቀርከሃ ተክሎ ጋረዳቸው፤ እንግዳ ቢጠይቀን "የአትክልት ቦታ ነው" እንድንል ታዘናል። በዚሁ እፍረት ምክንያት የውድድሩ ደንብ ስለ መቃብር አንድ ቃል አይናገርም። ደንብ ዝም ካለ ደግሞ መቃብርም ሣር ነው፤ ኳስ ካረፈበት ወይ እዚያው ይመቱታል፣ ወይ አንድ ምት ተቀጥተው ያነሱታል።

አዘጋጆቹ መቃብሩ መኖሩን የማያውቁ፣ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ናቸውና የመጨረሻውን ቀን ዘመድ መቃብር አጽድቶ ለሙታኑ ምግብ በሚያቀርብበት በመቃብር ጠረጋ በዓል ላይ ጣሉት። መንደርተኛው በዚያ ቀን የክበቡ በር ይከፈትለታል፤ የተጠበሰ አሳማውን፣ ብርቱካኑንና ርችቱን ይዞ ከጠዋት ጀምሮ ጉብታው ላይ ፈሰሰ።

የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ በአራት ምት ከጨረሰች ታልፋለች፣ አምስት ከሆነ ቀረች። ዱላዋን አንስታ ልትመታ ስትል ርችቱ ተንጣጣ። ኳሷ ወደ ግራ ታጥፋ ከቀርከሃው ጀርባ ገባች።

"ርችቱ ነው!" አልኩ፤ እያለቀስኩ ነበር።

"ርችቱ ዱላ አልያዘም። ነይ፣ እንፈልጋት" አለችኝ።

ዳኛው ዱ የሚባል ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው ነው፤ ተከተለን። ቀርከሃውን ገልጠን ስንገባ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የአያቷን መቃብር ከቧል። ሣሩን በረበርን፤ ኳስ የለም። ኋላ ሳይ ከብርቱካኑና ከተቀቀለው እንቁላል መሐል፣ ሳህን ላይ፣ ተወልውላ ተቀምጣለች።

"አክስቴ! ይቺን እዚህ ማን አስቀመጣት?" አለቻት ጂንግ፣ ሳህኑ አጠገብ የተንበረከከችውን አክስቷን።

አክስቷ ፈገግ አለች። "እኔ ነኛ! መምጣት ስላልቻልሽ ለአያትሽ የላክሽላቸው መስሎኝ። በመሐረቤ ጠርጌ አቀረብኩላቸው።"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሦስተኛው አጎት ግን እጁን ዘረጋ። "ለሙታን የቀረበ አይነሳም!"

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። "ኳሷን ያነሳት ከጨዋታው ውጭ የሆነ ሰው ስለሆነ ቅጣት የለም። የነበረችበት ቦታ ትመለሳለች። የት ነበረች?"

አክስቷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሦስተኛው አጎት ቀደመ። "እዚያ! ታች፣ ሜዳው ላይ። በዓይኔ አይቻለሁ!" ብሎ የተስተካከለ ሣር አሳየን። ለመቃብሩ ብሎ ዋሸ፤ ውሸቱም ለእኛ የተመቸ ነበር። ከዚያ ሣር ላይ እኔም ብሆን እመታታለሁ። እውነቴን ነው የምለው፣ ዝም እንድትል በልቤ ለመንኳት።

"አክስቴ፣ የት ነበረች?" አለች ጂንግ።

"አጎትሽ እኮ ተናገሩ..."

"አጎቴን አልጠየቅኩም።"

አክስቷ ጫማዋን አየች። "ሆዳቸው ላይ" አለች ቀስ ብላ፣ ወደ መቃብሩ አናት እየጠቆመች። "ልክ መሐል ላይ።"

ዳኛው አፈረ። "እንግዲህ ከዚያው ይመታሉ፣ ወይም አንድ ምት ተቆጥሮብዎት ወደ ታች ያወርዷታል።"

"ከዚያው ነው የምመታት።"

ሦስተኛው አጎት መቃብሩ ፊት ተገተረ። "አያትሽን በብረት ልትደበድቢ? ዓይንሽን በጨው አጥበሽ? የልጅ ልጃቸው አይደለሽም?"

ጂንግ በዱላዋ ጫፍ የመቃብሩን ድንጋይ ጠቆመች። ድንጋዩ ላይ የወንዶቹ የልጅ ልጆች ስም ሁሉ ተቀርጿል፣ በአራስነቱ የሞተው እንኳ ሳይቀር። የእሷ የለም።

"አሁን የልጅ ልጅ ሆንኩ?" አለች። "ስም ሲቀረጽ፣ 'ሴት ናት፣ ነገ የሰው ናት' አላችሁ። ዛሬ ኳሴ እዚህ ስታርፍ የልጅ ልጅ! ባዕድ ከሆንኩ ባዕድ ይመታል፣ ደንቡ ይፈቅዳል። የልጅ ልጅ ከሆንኩ ደግሞ አያቴ ናቸው፤ የምጣላቸውም የምታረቃቸውም እኔ ነኝ። አጎቴ፣ ዞር ይበሉልኝ።"

ሦስተኛው አጎት ዞር ያለው በፍላጎቱ ይሁን አክስቷ በእጅጌው ስባው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጂንግ ጓንቷን አውልቃ ዕጣን ለኮሰች፣ ሦስት ጊዜ ሰገደች፤ ይህን በዚያ መቃብር ላይ ከወንዶቹ ቀድማ ያደረገች ሴት አላየሁም። ከዚያ ኳሷን መልሳ አስቀመጠችና፣ "አያቴ፣ ለአንድ አፍታ ሆድዎን ይሰብስቡልኝ" አለች።

እግሯ ከታች፣ ኳሷ ከጉልበቷ በላይ። እንዲህ ካለ ቦታ ስትመታ አይቻት አላውቅም። መታቻት። አፈሩ ሦስተኛው አጎት ጫማ ላይ ተበተነ፤ ኳሷ ከቀርከሃው በላይ አልፋ፣ ቀስ ብላ ወርዳ፣ ጉድጓዱን ከሚያመለክተው ባንዲራ ራቅ ብላ በአጭሩ የታጨደው ሣር ላይ ቆመች። በሦስተኛው ምት ወደ ጉድጓዱ አስጠጋቻት፣ በአራተኛው ከተተቻት። ቦርሳውን ጥዬ አቀፍኳት፤ ዳኛው እንኳ ኮፍያውን አወለቀ።

አመሻሹ ላይ መንደርተኛው አሳማውን ሊበላ በማክ ዘር የጋራ አዳራሽ ተሰበሰበ። እኛ ሴቶቹ እንደ ልማዱ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጠናል። ሦስተኛው አጎት የሩዝ አረቄውን ይዞ ተነሳ። ፊቱ በርቷል።

"ወገኖቼ! ኳሷ እዚያ የወደቀችው በከንቱ ይመስላችኋል? አባቴ ናቸው የጠሯት! ስትመታም የገፉላት እሳቸው ናቸው! የአባቴ ክንድ ባይታከልበት የሴት ልጅ ምት እንዲያ ይሄዳል?"

ወንዶቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ጮኹ። አክስቷ ሳይቀር እንባዋን ጠረገች። ጂንግ መመገቢያ ዘንጎቿን ሳህኑ ላይ አጋድማ ተነሳች። ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀች።

"አያቴ ተኝተው ነበር" አለች። "የመታሁት እኔ ነኝ።"