ሦስት ገመድ ለአንድ ማጉያ

ደንበኞቻቸው ፀጉር አስተካካዩን «ጋሽ ጸጥታ» የሚሏቸው ዝምተኛ ስለሆኑ አልነበረም። ሲፈልጉ ያወራሉ፤ ሲከፋቸውም ይሳደባሉ። ስሙን ያወጣላቸው አንድ የማይሻር ሕጋቸው ነው፤ ምላጭ አንገት ላይ ሲያርፍ ቤቱ ጸጥ ይላል። ወሬኛው ወሬውን ይውጣል፣ ራዲዮኑም ይቀነሳል። ምላጩ የፂሙን ሥር ሲቆርጥ የሚያሰማውን ስስ ድምፅ ጆሯቸው ካልሰማ እጃቸውን አያምኑትም።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወት፣ አንድ መታጠቢያ፣ ለተራ ጠባቂዎች አንድ አግዳሚ፣ ከፊቱም ቴሌቪዥን። በግድግዳው ሁለት ማዕዘን የተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ግን ለአዳራሽ የሚበቁ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሳሎኑ ጭር ሲልባቸው፣ ከዚያ ነቅለው ወደ ሥራ ቦታቸው ያመጧቸው ናቸው።

በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው የእህታቸው ባል ነው፤ ግራኝ፣ ቀልደኛ፣ እጀ ፈጣን። ጠዋት ጠዋት እህታቸው የሠራችውን ምሳ በምሳ ዕቃ ይዞላቸው ይመጣል፤ ከምሳው ጋር የቤቱን ወሬ፣ የልጆቹን ተንኮል ያመጣል። ጋሽ ጸጥታ ቤተሰብ የሚሉት ነገር የሚደርሳቸው በዚያ ወንበር በኩል ነበር።

ጠቡ የመጣው ከማጉያዎቹ ነው። ማጉያዎቹን ከሚያስጮኸው አምፕሊፋየር ጀርባ የሚሠራው መሰኪያ አንድ ብቻ ነበር። እሳቸው ለዜና የራዲዮኑን ገመድ ይሰካሉ፤ አማቻቸው እሱን ነቅሎ ለዘፈን የስልኩን ይሰካል፤ አግዳሚው ደግሞ ኳስ ሲያምረው የሁለቱንም ነቅሎ የቴሌቪዥኑን ይሰካል።

«ጋሼ፣ ዜናው እኮ ጠዋት የሰማነው ነው።»

«ያንተስ ዘፈን? ካቻምና የሰማነው አይደለም?»

«ቢያንስ ዘፈኑ ውስጥ ሰው አይሞትም!»

አግዳሚው ይስቃል። ሰሞኑን ግን አማቻቸው መቀለድ ቀነሰ። በመስኮት አሻግሮ ያያል፤ ሥራው እንዳለቀ እግሬ አውጪኝ ይላል። ጋሽ ጸጥታ ነገሩን አወጡት፣ አወረዱት፤ ልጁን ያስከፋው የገመዱ ነቀላ ነው ብለውም ደመደሙ። እሱ ከሄደ ከእህታቸው ቤት የሚያገናኛቸው መንገድ ይዘጋል። ይህን ስጋታቸውን ለማንም ሳይተነፍሱ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ሄዱ።

«የሦስቱን ገመድ ጫፍ ልጬ አንድ ላይ ብቋጥረውስ?» አሉት።

«ኧረ በሕግ! አንዱ መሣሪያ በሌላው ላይ ይገፋል፤ ድምፁ ይደክማል፣ ሲብስም ይቃጠላል። ለእያንዳንዱ የየራሱ በር ነው የሚያስፈልገው» አለና አንዲት አነስተኛ ሚክሰር ሰጣቸው። ለእያንዳንዱ ገመድ መግቢያ፣ ለእያንዳንዱ መግቢያ የሚዞር ቁልፍ አላት፤ ሁሉም ውስጧ ተቀላቅለው በአንድ መውጫ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳሉ።

ሳጥኗን በሁለቱ መስታወቶች መካከል አኖሯት። «ከእንግዲህ ማንም የማንንም አይነቅልም» አሉ። አማቻቸው አመሰገነ፤ ፊቱ ግን አልፈካም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የዱሮ ጓደኛቸው፣ ጡረታ የወጣው መምህር፣ አንገቱን ሰጥቷቸው ተንጋሏል። አማችየው እንደ ሕጉ የራዲዮኑንና የቴሌቪዥኑን ቁልፍ ቀነሰ። ዘፈኑ አልቆ ስለነበር የስልኩን ቁልፍ አልነካም። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ዱሮ ቢሆን ገመዱን መንጭቆ ነበር የሚያነሣው፤ አሁን ነቀላ የቀረበት ቤት ሆኗልና አረፋ ባልነካው ትንሽ ጣቱ ስልኩን ነክቶ አነሣው። የአንድ ደላላ ድምፅ ከሁለቱም ማዕዘን ወረደ።

«ወንድሜ፣ ባለቤቱ እሺ ብሏል! ለፀጉር ቤት ያልካት ክፍል ያንተ ናት። ቁልፉን መቼ ትወስዳለህ?»

ምላጩ ባለበት ቆመ።

«ጸጥታ» አለ መምህሩ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «የቤተሰብ ጉዳይህን ኋላ ታየዋለህ፤ መጀመሪያ እጅህን ከጉሮሮዬ አንሣ።»

ጋሽ ጸጥታ ምላጩን አንሥተው በፎጣ ጠረጉት።

«ልነግርዎት ነበር፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ሳጥኗን ያመጡ ዕለት። ከዚያ በኋላማ በምን አፌ? ዘፈን ተከልክዬ አይደለም። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ የራሴን በር ልክፈት ብዬ ነው።»

«ሃሎ? ትሰማኛለህ?» አለ ግድግዳው።

ጋሽ ጸጥታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ውሃው ቀትር ላይ ይመጣል?»

«ማን ልበል?»

«ከፀጉር ጋር ያረጀ ሰው። የመታጠቢያው ማፍሰሻ ሰፊ ነው? ፀጉር የሚዘጋው ከሆነ አንፈልገውም። ብርሃኑስ በየት በኩል ይገባል? ሰውየው ግራኝ ነው።»

«እ... መብራት አለው፣ ጌታዬ።»

«መብራት አልጠየቅኩህም። ነገ አይተነው እንነግርሃለን። ደኅና ዋል።»

ስልኩን ዘጉት። ወደ ወንበራቸው ተመልሰው የመምህሩን አገጭ ቀና አደረጉና የቀረውን አንገት ያለ አንድ ቃል ጨረሱ። አረፋውን ካጠቡለት በኋላ ነው ወደ አማቻቸው ዞረው የጠየቁት።

«እህቴ ታውቃለች?»

«ክፍሉን ያገኘችው እሷ ናት። ምሳቸውን ራሴ አደርሳለሁ፣ እግረ መንገዴንም ፀጉራቸውን ማን እንደሚያስተካክላቸው አያለሁ ብላለች።»

«ፀጉር ባይኖረኝስ?»

«እሱንም አይታለች።»

አግዳሚው ሳቀ፤ ጋሽ ጸጥታ ግን አልሳቁም። በማግስቱ ክፍሉን አይተው ማፍሰሻው እንዲቀየር አዘዙ።

አማችየው መቀሱንና ማበጠሪያውን በሚሰበስብበት ቀን፣ ጋሽ ጸጥታ በበሩ መስታወት ላይ «ልምድ ያለው ፀጉር አስተካካይ ይፈለጋል» የሚል ወረቀት ይለጥፉ ነበር። ከትከሻቸው በላይ አነበበው።

«ጋሼ፣ ‘ልምድ ያለው’ የሚለው ይቅር እንጂ። እኔ ስመጣ ምን ልምድ ነበረኝ?»

«እሱን አይቼ ነው የጻፍኩት» አሉና የወረቀቱን አራተኛ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።