ክው ማለትን ያወቅሁበት እሑድ

ልጅ ሳለሁ፣ ከእናቴ ጋር አቃቂ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ስንኖር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የጎረቤታችን የአባባ ይማም ከሰል ምድጃ ዙሪያ እንሰበሰብ ነበር። አባባ ይማም ከወሎ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሽማግሌ ነበሩ። ፍሙን እየቆሰቆሱ ተረት ሲያወሩ ነገሩ የሚከፋበት ቦታ ላይ ይደርሱና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አያ ጅቦ ክው አለ» ብለው ዝም ይላሉ።

አንድ ምሽት «አባባ፣ ክው ማለት መደንገጥ ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መደንገጥማ ቀላል ነው ልጄ። የደነገጠ ይጮኻል፣ ይሮጣል። ክው ያለ ሰው ግን ባለበት ይቀራል፤ እጁም አፉም አይታዘዘውም» አሉኝ። አልገባኝም።

ያኔ አባቴ ታስሮ ነበር። እሑድ እሑድ ማረሚያ ቤት ምሳ እንወስድለታለን፤ ያመጣው ሰው ካልቀመሰ ምግብ አይገባምና ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ «ይቀመስ» ይላል። እናቴ መቅመሱን ለእኔ ትታልኝ ነበር። አባቴ እዚያ ሆኖ እንዳየው ስለማይፈልግ እሷ ስትገባ እኔ በር ላይ እቀራለሁ፤ ያቺን አንዲት ጉርሻ ቀስ ብዬ ሳኝካት ግን ከእሱ ጋር ምሳ የበላሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ተራችን ደርሶ አፌን ከፍቼ ስጠብቅ ጠባቂው ክዳኑን አልነካውም።

«ትናንት ተዛውሯል፣ እህቴ። ክፍለ ሀገር ነው የተወሰደው» አላት።

እናቴ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ወዴት?» እንኳ ሳትል ምሳ ዕቃውን እንደዘረጋች ቀረች። ቀሚሷን ብጎትተው አልሰማችኝም፤ አጠገቧ ቆሜ እናት የሌለኝ መሰለኝ። ክው ማለት ያኔ ገባኝ።

ማታ አባባ ይማም ነገሩን ሰምተው ምድጃውን ደጃችን ድረስ ይዘው መጡ። ተረት ግን አላወሩም። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ሦስታችንም ምድጃውን ከብበን ተቀመጥን።

አባቴ ከዓመታት በኋላ ተፈቶ ሲመጣ እኔ አድጌ ነበርና ተፋፍረን ቀረን። ዛሬ ሰዉ ኔትወርክ ሲቋረጥበት እንኳ «ክው አልኩ» ይላል፤ አልቀየምም። ከእኔ አፍ ግን ያቺ ቃል ወጥታ አታውቅም። እናቴም ስለዚያ ቀን አንስታልኝ አታውቅም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። በአንዲት ክፍል አብረን ኖረን፣ ያንን እሑድ ለየብቻችን ይዘነዋል።