ስለዚያ የፊት መስታወት ያልተናገርኩት

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ አብረውኝ ለሚጸልዩት ወንድሞችም፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ አብሮኝ ለሚሠራው ባልደረባዬም አልተናገርኩም። አሁን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፤ የተቀጣው ግን ሌላ ሰው ነው። ይህ እንዲታወቅ ነው።

ሆሳዕና ውስጥ የመኪና መስታወት ገጣሚ ነኝ። ስጀምር ሥራው ቀላል ነበር። የጭነት መኪናና የሚኒባስ መስታወት በጎማ ነው የሚታሰረው፤ ጎማውን አውጥተህ አዲሱን ታስገባለህ፣ በቃ። በኋላ ከደቡብ አፍሪካ ሠርተው የተመለሱ የአካባቢያችን ሰዎች ዘመናዊ መኪና መያዝ ጀመሩ። የእነዚህ መኪኖች የፊት መስታወት ከአካሉ ጋር በጠንካራ ማጣበቂያ ነው የሚያያዘው። ከመሀለኛው ስፖኪዮ ጀርባ ዝናብ ሲጥል የሚያውቅ ሴንሰር አለ፤ አጠገቡ ደግሞ መንገዱን የሚያይ ትንሽ ካሜራ። ካሜራው ከፊት የቆመ ነገር ካየ መኪናው ሾፌሩን ሳይጠብቅ ፍሬን ይይዛል። መስታወቱ ሲቀየር ታዲያ ካሜራው አቅጣጫው እንደ አዲስ መስተካከል አለበት፤ ለዚህም የራሱ መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው እኔ ጋ አልነበረም። እንደሚያስፈልግ ግን አውቅ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ “አላወቅኩም ነበር” ለማለት እንዳይዳዳኝ ነው።

አቶ ላምቤቦ ከተማችን ውስጥ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል። ከብዙ ዓመት የደቡብ አፍሪካ ኑሮ በኋላ ሲመለስ ነጭ፣ ቅንጡ መኪና ገዛ። የሚያሽከረክርለት ማቴዎስ የሚባል፣ በአቅራቢያችን ያለችው የጃጁራ ልጅ ነበር፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ትዳር የያዘ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚዘምር፣ መጠጥ የማይቀምስ ሰው። ውሃ የሞላ ብርጭቆ ዳሽቦርዱ ላይ ብታስቀምጥ አይደፋበትም ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ አብሬው ተጉዤ አይቻለሁ።

አንድ ቀን የአሸዋ መኪና ጎማ ያስፈነጠረው ድንጋይ የዚያችን መኪና የፊት መስታወት ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። አቶ ላምቤቦ መኪናዋን አዲስ አበባ ሊልካት ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። “ለዚህ ብለህ አዲስ አበባ? እኔ ምን ልሠራ እዚህ ተቀመጥኩ?” አልኩት። እንዲህ ያለ መኪና ሆሳዕና ውስጥ ከእኔ በቀር የሚነካው የለም እንዲባል ፈልጌ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

መስታወቱን ከአዲስ አበባ በስልክ አዝዤ አስመጣሁ። ሲደርስ ጥጉ ላይ የታተመው ምልክት ከአሮጌው ጋር እንደማይመሳሰል አየሁ። ስፋቱና ቅርጹ ልክ ነበር፤ የካሜራው መያዣ ግን አልነበረውም። መመለስ ነበረብኝ። መልሼ ሌላ እስኪመጣ ብጠብቅ ደግሞ አቶ ላምቤቦ በማግስቱ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ጉዳይ ጃጁራ መሄድ ነበረበትና መኪናዋ አትደርስለትም። “ነገ ጠዋት ትወስዳታለህ” ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ስለዚህ መያዣውን ከተሰነጠቀው መስታወት ላይ ፈቅፍቄ አነሳሁና አዲሱ ላይ በዓይኔ ገምቼ ለጠፍኩት። ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ ነበር። ራቅ ብዬ ሳየው አዘንብሏል። አየሁት፣ ተውኩት።

ሞተሩን ሳስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ የካሜራው ምልክት ቢጫ በራ። መኪናዋ በራሷ አፍ “አላይም” አለችኝ ማለት ነው። እኔ ጋ ደግሞ ምልክት የምታጠፋ ትንሽ መሣሪያ ነበረች። የተበላሸውን አታስተካክልም፣ ምልክቱን ብቻ ነው የምታጠፋው። አጠፋሁት። ከመስታወቱ ካርቶን ውስጥ የወጣውን የመመሪያ ወረቀት አንብቤ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ካሜራው በልዩ መሣሪያ ሳይስተካከል መኪናው እንዳይነዳ በግልጽ ተጽፎበት ነበር።

በማግስቱ ማቴዎስ ሊወስዳት መጣ።

“ጋሼ፣ ካሜራዋም ደህና ናት?” አለኝ።

ሳልነግረው፣ በራሱ ጠየቀኝ! አንድ ቃል ብነግረው ኖሮ ካሜራዋን ዘግቶ እየተጠነቀቀ ይነዳት ነበር። ከመሪው አጠገብ መዝጊያ አላት፤ የአንድ ጣት ሥራ ነው።

“ሁሉም ደህና ነው፤ ሂድ” አልኩት።

አቶ ላምቤቦን ጭኖ ጃጁራ በሰላም ደረሰ። አደጋው የደረሰው ሲመለሱ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ይመላለሳል። መንገዱ አንድ ድልድይ ጋ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ይላል። እዚያ ዝቅታ ላይ፣ ፊቷ ምንም ሳይኖር፣ መኪናዋ በድንገት ፍሬን ይዛ ቀጥ አለች። ከኋላዋ በሞተር ሳይክል የሚመጣ ወጣት ነበር፤ እህቱን መምህርት አስቴርን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት እየወሰዳት። ማቆም አልቻለም። እሱ ተፈናጥሮ ሣር ላይ ወደቀና ተላልጦ ተረፈ። መምህርት አስቴር ግን ቀኝ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ብዙ ወር ተኛች። ዛሬም እያነከሰች ነው የምትሄደው።

ማቴዎስ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። “እኔ አልረገጥኩም። መኪናዋ ራሷ ፍሬን ያዘች።” ለትራፊክ ፖሊሱም፣ ለአቶ ላምቤቦም፣ ሆስፒታል ለተሰበሰቡት የመምህርቷ ቤተሰቦችም ይህንኑ ደገመ። አቶ ላምቤቦ መኪናዋ በራሷ መቆም እንደምትችል ያውቃል። “የምትቆመው ከፊቷ ነገር ሲኖር ነው፤ እኔም ውስጧ ነበርኩ፣ ከፊታችን ምንም አልነበረም” አለ። እውነቱን ነው፣ ምንም አልነበረም። ስለዚህ ማቴዎስ አንቀላፍቶ ሲነቃ ደንግጦ ፍሬን ረግጧል ተባለ። ስልክ ሲያይ ነበር ያሉም አልጠፉም።

እኔ ወሬውን በሰማሁበት ቅጽበት አወቅኩ። ጠረጠርኩ አላልኩም፣ አወቅኩ ነው ያልኩት። ካሜራው ወደ ታች አዘንብሎ ዝቅታው ላይ ሲደርስ አስፋልቱን ራሱን እንደ ግድግዳ አይቶታል።

ከሁለት ቀን በኋላ መኪናዋ የኋላ መብራቷ እንዲቀየር እኔ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣች። ባልደረባዬ ከኋላ መብራቱን ሲፈታ እኔ ከፊት ገብቼ የካሜራውን ሽፋን ከፈትኩ። መያዣውን ነቅዬ በውሃ ልክ ለክቼ አቃናሁት። ከዚያ “አዲስ አበባ ስትሄዱ በኮምፒውተር አስመርምሯት፣ ለጥንቃቄ ነው” አልኩ። ሄደች፣ ተመረመረች፣ ምንም የለባትም ተባለ። እንዴት ይኑርባት? ማስረጃውን በእጄ አቃንቼዋለሁ። የማቴዎስን ሐቅ ከቦታው ያነሳሁት ያን ቀን ነው። የመጀመሪያው ጥፋቴ ችኮላና ትምክህት ነው ልትሉኝ ትችሉ ይሆናል። ይኼኛውስ? ይኼኛውን ረጋ ብዬ፣ በውሃ ልክ ነው የሠራሁት።

ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። በአቶ ላምቤቦ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ወንበር ተደርድሮ ተቀመጥን። የመምህርት አስቴር አባትና አጎቶች በአንድ ወገን፣ ማቴዎስ ለብቻው በሌላ ወገን። እኔ የተጠራሁት እንደ ባለሙያ ነው። ሽማግሌዎቹም ሆኑ ሌሎቹ በሀዲይኛ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ ጉዳዩን ሊመዘግብ የተቀመጠው ሰው እንዲገባው ወደ አማርኛ ተመለሱ።

“ጴጥሮስ፣ አንተ መኪና የምታውቅ ሰው ነህ” አሉኝ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ። “ከፊቱ ምንም ሳይኖር፣ እግርም ሳይነካው፣ መኪና በራሱ ይቆማል?”

ማቴዎስ አየኝ። ፊቱ ላይ ተስፋ ነበር፤ እንደሚያድነው ሰው ነው ያየኝ።

“እኔ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም” አልኩ።

ቃሉን ስንት ጊዜ በአእምሮዬ እንዳገላበጥኩት! አላየሁም እኮ። በዓይኔ አላየሁም፣ ስለዚህ አልዋሸሁም፤ ለብዙ ጊዜ ራሴን እንዲህ እል ነበር። የተጠየቅኩት ግን ያየሁትን አልነበረም። የተጠየቅኩት የማውቀውን ነው። የማውቀውም ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ እዚያው የለበስኩት ኮት ኪስ ውስጥ ነበር። ዋሸሁ።

ማቴዎስ ጥፋተኛ ተባለ። ከሥራው ወጣ። ሌላ መኪና የሚሰጠውም ጠፋ፤ ሆሳዕና ትንሽ ከተማ ናት፣ ሁሉም ሰምቷል። ጃጁራ ወደ አባቱ መሬት ከመመለሱ በፊት አንድ ጊዜ ጋራዡ መጣ። ሊከሰኝ የመጣ መስሎኝ ነበር።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው ሳያውቀው እግሩ ፍሬን ይረግጣል?” አለኝ።

ያኔም ዕድል ነበረኝ። ሰው አልነበረም፤ እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

“ሰው ነህ፤ ድካም ያለ ነው” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ አመስግኖኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የካሜራ ማስተካከያው መሣሪያ ስለሌለኝ ካሜራ ያላትን መኪና አልነካም፤ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ለባለቤቶቹም እንዲህ እላቸዋለሁ፦ የአዲሱ መስታወት ጥግ ላይ ያለው ምልክት ከአሮጌው ጋር ይመሳሰል እንደሆነ አይታችሁ ብቻ አስገጥሙ። የካሜራው መያዣ ከመስታወቱ ጋር የመጣ ይሁን። ካሜራው መስተካከሉን በወረቀት ተቀበሉ፤ ገጣሚው በአፉ “ደህና ነው” ቢላችሁ አትመኑት። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ድረስ፣ ምንም ብትቸኩሉ፣ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ሰዎች ጥንቁቅ ባለሙያ ይሉኛል። ይህን ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው።

ያለፈው ሳምንት የአንድ ሚኒባስ መስታወት ልገጥም ጃጁራ ሄድኩ። ሚኒባሱ የሰው በር ዘግቶ ስለቆመ ጥቂት ወደፊት መጠጋት ነበረበት፤ ሾፌሩ ደግሞ ለምሳ ሄዷል። ማቴዎስ የድንች ጆንያ አውርዶ በዚያ ሲያልፍ አንዱ አየውና “አንተ ሾፌር አልነበርክ? እስቲ አስጠጋልን” አለው። ሁለት ሜትር ነው። ማቴዎስ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

“እግሬን አላምነውም። ሌላ ሰው ፈልጉ” አለ።

ይህን ሲል አላፈረም፣ አላዘነም። ልክ የጫማ ቁጥሩን እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። በስድስት ዓመት ውስጥ ውሸቴን ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል።

ሥራዬን ትቼ ተከተልኩት። ቤቱ በር ላይ ደርሰን ሁሉንም ነገርኩት። መያዣውን፣ ቢጫውን ምልክት፣ ወረቀቱን፣ ያቃናሁበትን ቀን።

“ስለዚህ እኔ አልረገጥኩም” አለ።

“አልረገጥክም።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“እርግጠኛ ነኝ። ያኔም እርግጠኛ ነበርኩ።”

ደፉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሚስቱን ማርታን ጠራና “የነገርከኝን ለእሷም ንገራት” አለኝ። በሀዲይኛ ደግሜ ነገርኳት። እሷ ቆማ ነው የሰማችኝ። “ልጆቼ አባታችሁ ሰው ሰብሯል እየተባሉ ነው ያደጉት” አለች። “እዚህ ለእኛ መጥተህ መንገርህ ምን ያደርግልናል? ሰው በተሰበሰበበት ነው የዋሸኸው።” ትክክል ናት። ለመጪው ቅዳሜ እነዚያው ሽማግሌዎች እንዲቀመጡ ጠይቄያለሁ፤ ለአቶ ላምቤቦም ደውዬ ነግሬዋለሁ። ይህንንም ጽሑፍ እዚያ አነበዋለሁ።

ትናንት መምህርት አስቴር ጋ ሄድኩ። የተማሪ ደብተር ስታርም ነበር። ስነግራት ስለ እግሯ አንድም ቃል አልተናገረችም።

“ማቴዎስ ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ሰላም ይለኝ ነበር” አለችኝ። “አንድም ቀን መልሼለት አላውቅም።”

እሷንም እሱንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሁለቱም አልመለሱልኝም፤ እኔም መልስ ስጡኝ አልልም። መምህርት አስቴር የጠየቀችኝ የማቴዎስን ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ሰጠኋት። እዚያው ፊቴ ደወለች። ሲያነሳላት “ሄሎ” አለች፣ ከዚያ እንድወጣላት በእጇ ወደ በሩ አመለከተችኝ። ወጣሁ።