በደንገጎ ቁልቁለት የነደደው ካምቢዮ

ያላቃጠልኩትን ካምቢዮ አቃጥለሃል ተብዬ አምስት ወር ታሰርኩ። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች እዚያ ተሰብረው ጠምመው ገጠሙ። ዛሬም ቡሎን የማጠብቀው በሦስት ጣት ነው። በደሉ ይኸው ነው። የሚቀጥለው እንዴት እንደሆነ ነው።

ሐረር ውስጥ፣ ከግንቡ ውጪ፣ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ ፊደል አልቆጠርኩም። ደሞዝ ስቀበል የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። የመኪና ሕመም ግን መኪናው በር ሳይደርስ ድምፁን ሰምቼ እናገር ነበር፤ ይህን ጠላቶቼም አይክዱትም።

ጋራዡ በንጉሡ ጊዜ ለጦሩ ከአሜሪካ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ነበረው። አውቶማቲክ ነው፤ ማርሹን በዘይት ግፊት ራሱ ይቀያይራል፣ የሚረገጥ የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። የራሱ ሞተር ሲሞት ከአንድ ግሬደር የተፈታ ትልቅ የናፍጣ ሞተር ገጠምንበት። ሞተሩ በሬ፣ ካምቢዮው ጥጃ ሆነው አንድ ቀንበር ተጫነባቸው። ከድሬዳዋ እህል ጭኖ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ይለግማል፣ የካምቢዮው ዘይት እንዳረረ ወጥ ይሸታል።

ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የጨረሰ ሰው ነው። በአሥር ዓመት እበልጠዋለሁ። እኔ እርስዎ እለዋለሁ፣ እሱ አንተ ይለኛል። አውቶማቲኩን አውልቀን በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ እንግጠምበት አለ። ተፈለገ፣ ጠፋ። ለእኔ ይተዉት አልኩ፤ አፌ ነው ያስበላኝ።

ካምቢዮው ውስጥ ከበሮ የሚመስል ዕቃ አለ። በውስጡ የብረትና የሸራ ሳህኖች ተነባብረዋል። ዘይት ሲጫናቸው ይጣበቁና የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማ ያልፋል፤ ጉልበቱ ከበለጣቸው ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉ። ከበሮው አምስት ሸራ ይይዝ ነበር። በመስኮት መስተዋት ላይ የብርጭቆ ወረቀት አንጥፌ ብረቶቹን አንድ በአንድ እያሻሸሁ አሳሳኋቸው፤ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ባተረፍኩት ቦታ ስድስተኛ ሸራ አስገባሁ። የዘይቱን ግፊት ከሚይዘው ሞላ ጀርባ ሮንዴላ፣ መሐሉ የተበሳ ቀለበት ብረት፣ አስቀመጥኩ። ሮንዴላው ሲወፍር ማርሹ እንደ በቅሎ ይራገጣል፣ ሲሳሳ ይንሸራተታል፤ ልኩን ያገኘሁት በሦስተኛው ነው። ከተገለበጠች ታክሲ ላይ ራዲያተር ፈትቼ ዘይቱ በዚያ እየዞረ እንዲበርድ ከፊት ሰቀልኩለት።

ኃላፊው መጽሐፉን ገልጦ፣ "ስድስት አይልም" አለኝ።

"ካምቢዮው ማንበብ አይችልም ጓድ። እንደ እኔው ነው።"

ሠራተኛው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ደንገጎን ሳያስነጥስ ወጣ። በስብሰባ ላይ "የኃላፊው ፈጠራ" ተብሎ ተነበበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። በዚህ አላማርርም። ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ስሜ ለምን አልተጻፈም ቢል ማን ይሰማዋል?

አሁን ወደ ሾፌሩ ልምጣ። የሐረር ልጅ ነው፣ እኩያዬ፣ ቀልደኛ፤ ጉንጩ ከጫት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ያኔ ናፍጣ በራሽን ነበር። በዚያ መንገድ የሚሠራ ሾፌር ሁሉ ባዶውን ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ደንገጎ አናት ላይ ሞተሩን ያጠፋል፣ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል፣ በፍሬንና በጸሎት ይወርዳል። የተረፈው ናፍጣ በጀሪካን ጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ ላለ ወፍጮ ቤት ይሸጣል። ሁሉም ያደርገዋል፤ እንደ ሌብነት የሚቆጥረው አልነበረም። የእኛው ሾፌር ደግሞ በየቅዳሜው ከወፍጮ ቤቱ አንድ ጆንያ ዱቄት ለኃላፊው ቤት ያደርሳል። ጆንያውን ከጋቢናው ያወረድኩለት ጊዜ አለ።

በተራ መኪና ይህ ልማድ የሚጎዳው ፍሬኑን ነው። በአውቶማቲክ ግን ዘይቱን የሚረጨው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ጎማው ግን የካምቢዮውን ሆድ ከኋላ ያሽከረክረዋል፣ ያውም በደረቁ። ይህን ለሾፌሩ ሦስት ጊዜ ነገርኩት። በሦስተኛው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

"አቦ ተወኝ! ቁልቁለት ላይ ናፍጣ የሚያቃጥል ሾፌር ወላሂ አይቼ አላውቅም። ፈጣሪ ደንገጎን ያጋደመው ለምን መሰለህ?"

በሦስተኛው ወር ካምቢዮው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነደደ። ተጎትቶ መጣ፣ ከፈትኩት። ስድስቱ ሸራዎች ያስገባኋቸው ዕለት እንደነበሩ ናቸው። ዘንጉ የሚዞርበት የኋላው ኩሽኔታ ግን ደርቆ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ከዘንጉ ጋር ተጣብቋል። ኃላፊውን ጠርቼ አሳየሁት። በጣቱ ነካው፣ ጣቱን አየ፤ ዘይት የለበትም። ገብቶታል። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የጨረሰ ሰው እንዴት አይገባው?

"ይህን ሌላ ሰው አይቷል?" አለኝ።

"አላየም።"

"ጥሩ" አለና ካምቢዮውን በጨርቅ ሸፈነው። እኔ ሞኙ ማስረጃ ያስቀመጠልኝ መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን ሁለት ታጣቂዎች ወሰዱኝ። ከመጽሐፉ ውጪ ነካክቶ የመንግሥት ንብረት አወደመ፣ አሻጥረኛ ነው ተባለ። ሾፌሩ ለምስክርነት መጣ። ካምቢዮው ከተነካካ ወዲህ ሽታው ጥሩ አልነበረም አለ፤ መሬት መሬት እያየ። መርማሪው ስድስተኛውን ሸራ እንዳስገባ ማን እንዳዘዘኝ ጠየቀ። ማንም አላዘዘኝም፣ እጄ ነው የሚያውቀው አልኩ። እንግዲያው እጁን አምጡት አለ።

ከእኔ ጋር የታሰረ አንድ መምህር ነበር። ሲሚንቶው ላይ በከሰል እየጻፈ ፊደል አስቆጠረኝ። ተሳዳቢ ነበር፣ ስሳሳት ደንቆሮ ይለኛል። "ጸ" ላይ ስንደርስ አንድ ጠዋት ስሙ ተጠራ፣ ጫማውን ሳያደርግ ወጣ፣ አልተመለሰም። የቀሩትን ፊደላት ከሲጋራ ካርቶን ላይ ለቀምኩ።

ስፈታ ፍርድ አልተሰጠኝም። ፋይልህ ክፍት ነው፣ በተፈለግህ ጊዜ ትጠራለህ ተባልኩ። ክፍት ፋይል ምን እንደሆነ ያልታሰረ አያውቀውም። በር በተንኳኳ ቁጥር ካልሲ ማጥለቅ ነው፤ የእስር ቤት ሲሚንቶ ይበርዳላ። ጋራዡ ወደ መኪና አጣቢነት አወረደኝ። ሾፌሩ በጭቃ የተለወሰ መኪና እያመጣ ያቆምልኛል፣ "እጅህ እንዴት ነው?" ይለኛል፣ እውነት ያዘነ ይመስል። ምናልባትም አዝኗል። እኔ ጎማውን ማጠቤን እቀጥላለሁ።

አራት ዓመት አለፈ። የእርዳታ እህል መጣና መኪና ጠፋ። ከጅጅጋ በኩል ከተቃጠለ መኪና ላይ ያው ዓይነት ካምቢዮ ተገኘ፤ ሊያጠነክረው የሚችል ግን አልተገኘም። ኃላፊው የበላይ ካድሬውን አስከትሎ እጥበቱ ድረስ መጣ።

"ያንን ሥራህን ድገመው" አለኝ።

እደግመዋለሁ፣ ግን በወረቀት አልኩት። ማታውን ጻፍኩት፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። ይህ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ቁልቁለት ከወረደ ካምቢዮው ይቃጠላል፣ ጥፋቱም የነጂው ነው የሚል አራት መስመር። ኃላፊው ካድሬው ፊት በቀይ እስክሪብቶ ሰባት ስህተት አረመልኝና ሳቀ። ከዚያ ፈረመ። ሾፌሩም ፈረመ፤ አላነበበውም።

ካምቢዮውን በሦስት ጣትና በሁለት ጠማማ አጠነከርኩት። ከመጀመሪያው የተሻለ ሆነ። አሁን የማልኮራበትን ልጻፍ። የማርሹ ዘንግ ዜሮ ላይ እንዳይደርስ በአንዲት ትንሽ ብረት መከልከል ይቻል ነበር። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ብረቷን ቆርጬ፣ በስቼ አዘጋጅቻት ነበር። አልገጠምኳትም። ለሾፌሩም አራተኛ ጊዜ አልነገርኩትም። ልማዱን አውቀዋለሁ፤ ደንገጎ አናት ሲደርስ እጁ ራሱ ይሄዳል።

በስድስተኛው ሳምንት እዚያው ቦታ ነደደ።

የሾፌሩ ሚስት ቤቴ መጣች። ልጆቿን አላስከተለችም፤ ይህን አከብርላታለሁ። አልተቀመጠችም።

"አንድ ቃል ብቻ ንገርልን። ካምቢዮው አርጅቶ ነበር በልልን።"

"አላረጀም" አልኳት።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ጋራዡ ውስጥ ተቀመጠ፣ ካምቢዮው ፊታቸው ተከፈተ። ስድስት ሸራ፣ አዲስ። ኩሽኔታው ሰማያዊ፣ ደረቅ። የመጀመሪያውም ካምቢዮ ከጓሮ ከቆርቆሮ ሥር ተጎትቶ መጣ፤ ያው ቁስል ነው። ኃላፊው ተነሣና የእኔን ወረቀት ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሰባቱንም ስህተት አቃንቶ። ጋራዣችን ነጂውን በጽሑፍ አስጠንቅቆት ነበር አለ። ጋራዣችን!

ያኔ ሾፌሩ ተነሣ። ናፍጣውን ብቻዬን አልበላሁትም፣ የሚፈጨው ዱቄት የት ቤት እንደሚገባ እዚህ ያለ ሰው ያውቃል አለና ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ ራስህ ጆንያውን አውርደሃል። የዱቄቱን ነገር ንገራቸው እንጂ!"

ኃላፊው አላየኝም፤ እስክሪብቶውን ነበር የሚያየው። ዱቄቱን ካነሣሁ ጉዳዩ ሌላ ኮሚቴ፣ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ክፍት ፋይል ይሆናል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠየቀኝ።

"የምን ዱቄት?" አልኩ።

ሾፌሩ አልተሳደበም፤ ቁጭ አለ። ያን ዕለት ከሰዓት ወሰዱት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈታ ጥርሱ ሁሉ ረግፎ ነበር፣ ሰላምታ አንሰጣጥም። ኃላፊው አድጎ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። እኔን ወደ መካኒክነቴ መለሱኝና ከጥፋት ነፃ የሚለውን ወረቀት አስፈረሙኝ፤ በአውራ ጣት አይደለም፣ በስሜ። ፋይሌ የተዘጋው ሰኔ 6 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው።