የሐሙሱ ምዘና

ወታደሮች የያዙኝ ከመምህራን ስብሰባ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ነው። ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፤ ጥፋቴ እሱ ነው። ሲይዙኝ «ጃኬት ይዤ ልምጣ?» ብላቸው፣ «ምን ያደርግልሃል፣ አሁን ትመለሳለህ» አሉኝ። የደብረ ማርቆስን የጥቅምት ብርድ የሚያውቅ ሰው ይፍረድልኝ፤ በሸሚዝ ገብቼ አራት ወር ቆየሁ።

ያስገቡኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የስንዴ አቧራና የነቀዝ መድኃኒት ሸተተኝ፣ ቀጥሎ ሰው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ። ካቦው፣ ማለትም እስረኛው አለቃ አድርጎ የመረጠው ሰው፣ የደጀን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር።

«ሙያ?» አለኝ።

«መምህር። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዲግሪዬ ግን ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው።»

ማን ጠየቀኝ? ግን ሁሌም እንዲህ ነኝ። በተመረቅሁበት ሥራ ስላላገኘሁ ዲግሪዬን ሳልጠራ ከሰው ጋር መተዋወቅ አልችልም። ካቦው ራሱን ነቀነቀና ለሽንት ከተቀመጠው ባልዲ አጠገብ ቦታ ሰጠኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዛዡ በሩ ላይ ቆሞ «የኤሌክትሪክ ሙያ ያለው አለ?» አለ። የግቢው የጉድጓድ ፓምፕ ቆሞ ነበር። ውሃ በጄሪካን ነው የሚመጣልን፤ ፊት መታጠብ ቀርቶ ለመጠጥም አይበቃም። እጁን በማውጣት የቀደመኝ የለም። አወጡኝ። ከእኔ በኋላ እጁን ያወጣ አንድ ቱታ የለበሰ ወጣትም ዕቃ እንዲያቀብለኝ ተከተለኝ።

የፓምፑን የመቆጣጠሪያ ሳጥን ከፈትኩ። ወይ ጉድ! ውስጡ ሽቦ በሽቦ ነው። እኔ ይህን ነገር በወረቀት ላይ ስዬዋለሁ፣ ፈተና አልፌበታለሁ፣ በእጄ ግን ነክቼው አላውቅም። ለዘበኞቹ ስለ ቮልቴጅ ትንሽ አስረዳኋቸው። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ፤ ዝም። ሌላ ተጫንኩ፤ ዝም።

«ሞተሩ ተቃጥሏል» ብዬ ፈረድኩ።

«ቲቸር፣ ሞተሩ እንኳ ደህና ይመስለኛል» አለኝ ባለ ቱታው።

ቲቸር ሲለኝ ነው ልብ ብዬ ያየሁት። ከዓመታት በፊት አሥረኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። አንድ ቀን የፈተና ወረቀቱን ስመልስለት፣ «ለአንተ የሚሆንህ ቴክኒክ ነው» ብዬው ክፍሉ በሙሉ ስቆበት ነበር። እንዳልኩትም ማትሪክ አልመጣለትም፤ ቴክኒክና ሙያ ገባ።

ልጁ ዋናውን ማብሪያ አጠፋ፤ ከግቢው የመሣሪያ ሳጥን ቴስተር አንስቶ መብራቱ መጥፋቱን አረጋገጠ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። አንዱ ላልቶ ኖሯል፣ አጠበቀው። መልሶ ሲያበራው ፓምፑ አጉረመረመ፤ ከቧንቧው መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ውሃ ወጣ። ዘበኞቹ አጨበጨቡ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት አንጀቴን ይበላኝ ጀመር። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው እየላላ ፓምፑ በየቀኑ ስለሚቆም ልጁን በየጠዋቱ ያወጡታል። ፊቱን ታጥቦ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ፣ አንገቱን ፀሐይ መትቶት ይመለሳል። ካቦው መስኮቱ ሥር ቦታ ሰጠው። ይሄ ሁሉ ይሁን፤ ስም ደግሞ አወጡለት። «ኢንጂነር» አሉት! እሱን! እኔ አምስት ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን ስም ለእሱ ሰጥተው እኔን «መምህር» ይሉኛል። እርር ድብን አልኩ። ክፉ ቢሆን ኖሮ በተገላገልኩ፤ እሱ ግን የተሰጠውን ሳሙና በክር ለሁለት ቆርጦ ግማሹን አመጣልኝ።

የታሰረበትን ምክንያት የነገረኝ ያን ቀን ነው። ይጁቤ ከተማ የወፍጮ ሞተር ሲጠግን ቦርሳው ተፈተሸ፤ ሽቦና ቴስተር ተገኘበት። «ይሄ ሁሉ ሽቦ ለምንድነው?» ሲሉት «ለወፍጮ» አላቸው። አላመኑትም።

«እኔን የጨነቀኝ እስሩ አይደለም ቲቸር» አለኝ። «ሌቭል አራት ጨርሻለሁ። የብቃት ምዘናው የፊታችን ሐሙስ ነው። እሱን ካለፍኩ፣ የሥራ ልምዴን ጨምሬ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ እወዳደራለሁ። ሐሙስ ካመለጠኝ ግን ምዝገባው ይዘጋል።»

«ምን ልትማር?»

«ኤሌክትሪካል ምህንድስና።»

ሳሙናውን ኪሴ ከተትኩ። ዲግሪው ብቻ ነበር የቀረኝ፣ ከእሱ የምበልጥበት። አሁን እጁም ወረቀቱም ሊኖረው ነው። እውነቱን ልናገር፤ ሐሙስ ባትመጣ ብዬ ተመኘሁ።

እሑድ ዕለት አዛዡ ጠራው። ጉዳዩ ተጣርቶ ምንም አልተገኘበትም። «ግን አንተ ከሄድክ ይሄን ፓምፕ ማን ያስነሳልኛል?» አለው። ከበሩ ሆኜ እሰማለሁ።

«ቲቸር ያስነሱታል።»

አዛዡ ሳቀ። «ያ ሞተሩን የገደለው? ይሁን። ረቡዕ ጠዋት ብቻውን ያስነሳ። ካስነሳ ትሄዳለህ፣ ካቃተው ትቆያለህ።»

ስለዚህ ተማሪዬ ያስተምረኝ ጀመር። ወለሉ ላይ በከሰል ሳጥኑን ሳለው። ቀይ ቆርኪ ዋናው ማጥፊያ፣ አረንጓዴ ቆርኪ ማስነሻው ሆነ። እስረኛው ከበበን። እኔ ወዲያው አረንጓዴውን ልጫን ስል እጄን ያዘኝ።

«መጀመሪያ ምንድነው ቲቸር?»

«መጀመሪያ... ሽቦዎቹን ማየት።»

«መጀመሪያ ዋናውን ማጥፋት ነው። ቀጥሎ መጥፋቱን በቴስተር ማረጋገጥ። ከዚያ ነው እጅ የሚገባው። ምዘና ቢሆን እዚህ ጋ ወድቀዋል፤ ሌላውን ሁሉ አሳምረው ቢሠሩም አይቆጠርልዎትም።»

ደጋግሜ ረሳሁት። ሰኞም ረሳሁት፣ ማክሰኞም። በረሳሁ ቁጥር ያንኑ ይለኛል፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሰውም እንዲስቅብኝ አላደረገም። ካቦው ፈገግ ሲል ልጁ አየት አደረገው፣ ሰውዬው ፊቱን መለሰ። ይሄ ነው የበለጠ የለበለበኝ። እኔ በክፍል ውስጥ እንደዚያ መሆን አልቻልኩም ነበር።

«ያኔ ያልኩህን ታስታውሳለህ?» አልኩት ማክሰኞ።

«አስታውሳለሁ።»

«ተቀይመኸኛል?»

«ተቀይሜ ነበር። ከዚያ ገባሁበትና ወደድኩት» አለና ቆርኪዎቹን እንደገና ደረደረ። «በሉ፣ ከመጀመሪያው።»

ረቡዕ ጠዋት ሳጥኑ ፊት ቆምኩ። አዛዡ እጁን ኪሱ ከትቶ ያያል። ልጁን ከኋላዬ አቁመው «ትንፍሽ እንዳትል» ብለውታል። አንድ ነገር ብሳሳት ማን ይጠረጥረኛል? ለፍቼ አቃተኝ እላለሁ፤ እጄ እንደማይሠራ ግቢው ሁሉ ያውቃል። እሱ መስኮቱ ሥር ይቀራል፣ እኔም የምቀናበት ዲግሪ አይኖርም። እጄ ወደ አረንጓዴው ሄደ። በእግዜር ስም እናገራለሁ፣ ረስቼ አልነበረም።

ከኋላዬ ልጁ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁት። ያ ድምፅ ነው የመለሰኝ። ለራሱ ፈርቶ መሰላችሁ? የላላ ሽቦ ካለ ኮረንቲ እንዳይዘኝ ነው የፈራው። አፈርኩ። እጄን መልሼ ዋናውን አጠፋሁ። በቴስተር አረጋገጥኩ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካሁ፣ ሦስተኛው ላልቷል፣ አጠበቅሁት። ዋናውን አበራሁና አረንጓዴውን ተጫንኩ። ፓምፑ አጉረመረመ። ቆሜ አዳመጥኩት፤ ድምፁ እስኪስተካከል መጠበቅ እንዳለብኝ ነግሮኛል። ውሃው መጣ።

«ብቁ» አለ ልጁ ቀስ ብሎ። በምዘና ያለፈ ሰው ወረቀቱ ላይ የሚጻፍለት ቃል ነው። አዛዡ «ነገ ጠዋት ትወጣለህ» ብሎት፣ ትንፍሽ እንዳይል ማለቱንም ረስቶት ሄዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ማንም አላዘዘኝም። ለምዘና ያለ ሥራ ልብስ አያስገቡም፤ ልጁ ያለው የለበሰው ቱታ ብቻ ነው፣ እሱም ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ጭቃና ደም ደርቆበታል። «አውልቀው» አልኩት። «ኧረ ቲቸር፣ በፍጹም! እርስዎ?» ብሎ ተከራከረኝ። ተቆጣሁት፤ ያን ጊዜ በክፍል ውስጥ እንደምቆጣው። የካቦውን ጋቢ ለብሶ ተቀመጠ። እኔ ቧንቧው ሥር ተቀምጬ በዚያችው ግማሽ ሳሙና ቱታውን አሸሁ። ውሃው ይቀዘቅዛል። ጉልበቱ ላይ ያለው ደም አልለቅ ብሎ ሦስት ጊዜ መለስኩበት። ዘበኛው «መምህር፣ የተማሪህን ልብስ?» ሲለኝ «አዎ፣ የተማሪዬን» አልኩት። አጥሩ ላይ አሰጣሁት። ሐሙስ ጠዋት ደረቅና ንጹሕ ቱታ ለብሶ ወጣ።

አለፈ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ሲከብደው ቤቴ ይመጣል። አስተምረዋለሁ፣ እሱ ሲሄድ ደግሞ እቀናለሁ። እኔ በወረቀት የተማርኩትን እሱ ሲያነበው እጁ ያውቀዋል። ቅናቱ ይለቀኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልለቀቀኝም፣ ለምዶኝ አብሮኝ ይኖራል።

ባለፈው ሳምንት እኔም ለምዘና ልመዘገብ ሄድኩ። ሌቭል ሁለት፣ ከታች ነው የጀመርኩት። መዝጋቢዋ ልጅ ዲግሪዬን አየችና ግራ ገባት።

«ሥራውን በተግባር የት ነው የተማሩት?»

«እህል መጋዘን ውስጥ።»

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። «ማን አስተማረዎት?»

«ተማሪዬ» አልኳት።

መሳቋን ተወች። ቀና ብላ አየችኝና፣ ቅጹ ላይ ያልኩትን እንዳለ ጻፈችው።