መሰላሉ ላይ ሆኖ የሰማው

የሥራ ጓደኞቹ «አንጋጦ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ዕቃውንና እሱን ከቦታ ቦታ የሚያመላልሰው ሹፌር ነው። «ይሄ ሰውዬ ከሰማይ ምን ሊወድቅለት ነው ሁልጊዜ አንጋጦ የሚውለው?» ብሎ አንድ ቀን ቀለደ። ቀልዱ ተረሳ፣ ስሙ ግን ቀረ።

ሥራው ፕሮጀክተር መስቀል ነው። መሰላል ይወጣል፣ ጣሪያውን ይበሳል፣ ብረቱን ያስራል፣ ገመዱን በግድግዳው ጥግ እየሳበ ያወርዳል። ድሮ ፕሮጀክተር ማለት ግድግዳ ላይ ብርሃን የሚረጭ ሣጥን ነበር። አሁን አሁን የሚመጡት ግን በጣት ሲነኳቸው የሚታዘዙ ናቸው፤ ሰሌዳው ላይ መስመር ቢያሰምሩ ይሰመራል፣ ሥዕሉን ቢገፉት ይሄዳል። ታዲያ ጣትና ብርሃን እንዲገጥሙ መጀመሪያ አንድ ሰው ቆሞ ሰሌዳው ላይ የሚበሩትን ነጥቦች ተራ በተራ መንካት አለበት። ያ ሰው እሱ ነው። ሲነካ የኖረውን ነጥብ ቢሰበስበው ሌላ ሰማይ ይወጣው ነበር።

ዕድሜው አርባዎቹን ሲያጋምስ አንገቱ እምቢ አለ። ሰው ከኋላው ሲጠራው ትከሻውን ካላዞረ ማየት አይችልም። ሚስቱ «ጅብ ሆንክ እኮ፤ ሙሉ ገላህ ካልዞረ አታይም» እያለች ትስቅበታለች፤ ማታ ማታ ግን በሙቅ ፎጣ ታሽለታለች።

ከአንገቱ ይበልጥ የሚያደክመው ሰው ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ሪሞቱ እንዳይጠፋ ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ከዚያ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ይጠፋና «ፕሮጀክተራችሁ አይሠራም» ብሎ ይደውላል። ሌላው ጋ መምህሯ አዲሱን ሰሌዳ አቧራ እንዳይነካው በአንሶላ ሸፍና፣ ጎኑ ባለው አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ታስተምራለች። «ምነው አይጠቀሙበትም?» ሲላት፣ «ቢበላሽ ማን ሊጠየቅ ነው?» አለችው። ቢሮ ሲሄድ ደግሞ ክራቫት ያሰረ ሰው «ሞቷል፣ ሞቷል» እያለ ይቀበለዋል። ገብቶ ሶኬቱን ይሰካና ይወጣል። «ተሰክቷል ወይ?» የምትለዋን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደጋግማት ራሱም አያውቅም፤ ሚስቱ ግን በእንቅልፍ ልቡ ሳይቀር ሲጠይቅ ሰምታዋለች።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መሰላል ላይ የወጣ ሰው አይታይም። ሰዎች ስብሰባቸውን ሳይጨርሱ እሱን ያስገቡትና እሱ እላይ ሆኖ ሲበሳ እነሱ ታች ያወራሉ። ማን እንደሚዛወር፣ ማን እንደሚባረር፣ ማን ከማን እንደተጣላ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ባለቤቱ ያልሰማውን የሚሰማው ባዳ እሱ ሆነ። እንዲህ ያለውን ሁሉ እዚያው መሰላሉ ላይ ይተወውና ይወርዳል። የማያውቀው ሰው ነገር ስለሆነ አይከብደውም ነበር።

አንድ ቀን ግን ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካው ተላከ።

እዚያ ታላቅ እህቱ ትሠራለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱ ሙያ እንዲማር እሷ ትምህርቷን ትታ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች፤ እንደተቀመጠች ቀረች። የሸሚዝ ኮሌታ ነው የምትሰፋው። ከእጇ ያለፈው ኮሌታ ከተማውን ሁሉ ያለብሳል። አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ጎረቤቷን ትለምናለች።

ታዲያ ፋብሪካው ውስጥ ወሬ ተነዛ። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ሊሰቀል ነው፣ ለሠራተኛው ሥልጠና ሊሰጥ ነው፣ ከነባሮቹ መካከል ተመርጠው አዲሶቹን የሚያሠለጥኑ ይኖራሉ ተባለ። እህቱ ተስፋዋን እዚህ ላይ ጣለች። ከመኪናው ተነስታ፣ ቆማ፣ ለአዲሶቹ ልጆች እያሳየች ጡረታዋ እስኪደርስ ብትሠራ ዓይኗም ያርፍ ነበር። ስክሪኑን የሚሰቅለው የገዛ ወንድሟ መሆኑን ስትሰማ ደግሞ በመስመሩ ላሉት ሴቶች ሁሉ አወራች።

ሰቅሎ ሲጨርስ ቀኑ መሽቷል። አስተዳዳሪው፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው ወፍራም ሰው፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ድምፅና ምስል እንሞክር አለ። እሱ መሰላሉ ላይ ሆኖ ምስሉን ሲያስተካክል ስክሪኑ ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ መጣች። ፈገግ ብላ ሰላምታ ሰጠችና ከፊቷ ካለው ወረቀት ታነብ ጀመር። ትጋታችሁን እናደንቃለን፣ ፋብሪካችን ቤታችሁ ነበር፣ እንዲህ እንዲህ። ድንገት አንገቷን ቀና አደረገችና፦

«‹የስፌት ክፍሉ በዚህ ወር መጨረሻ ሥራ ያቆማል› የሚለው ጋ ስደርስ ትንሽ ዝም ልበል?»

«ቢሉ ጥሩ ነው» አለ አስተዳዳሪው።

«ይጮኻሉ ብለህ ታስባለህ?»

«አይመስለኝም። ጨዋ ሠራተኞች ናቸው።»

እሱ መሰላሉ ላይ ሆኖ ነገሩ ገባው። ሥልጠና የሚባል ነገር የለም። ስክሪኑ የተሰቀለው ለዚህች ለአንድ ንግግር ነው።

ሴትዮዋ ከስክሪኑ ስትጠፋ አስተዳዳሪው መሰላሉን የዚያን ጊዜ ያየ ይመስል ወደ ላይ ተመለከተ። «አንተ ወንድም፣ የሰማኸውን ሆድ ይፍጀው። ነገ ጠዋት ራሳቸው ይሰሙታል። ድርጅትህም ቢሆን ወሬ የሚያወጣ ሠራተኛ አይፈልግም።»

«እሺ ጌታዬ» አለ።

ሹፌሩ ሊያሳፍረው ቢጠብቀውም «በእግሬ ልሂድ» ብሎ አሰናበተውና ወደ እህቱ ቤት አመራ። መንገዱን ሁሉ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» የሚለውን ሲለማመድ ነበር። በሩን ስትከፍትለት ገና ከሥራ እንደገባች ነበረች፤ ኮቷ ላይ የክር ብጥስጣሽ ተጣብቋል።

«ና ግባ፣ መሐንዲሱ!» አለችው። «ስንት ጊዜ ነው ስላንተ ያወራሁት መሰለህ! ሰቀልከው?»

«ሰቀልኩት።»

«በጣት የሚነካ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«በል አሳየኝ። ነገ ሰው ፊት አስነስተውኝ ብደናበርስ? ይቺ ሴትዮ ምኗን ታሠለጥናለች ቢሉኝስ?» ብላ ወደ ባዶው ግድግዳ ዞረች። ቀኝ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ጠቋሚ ጣቷን ዘረጋች። መርፌ ሲወጋው የኖረ ጣት ነው፤ ጫፉ ደንድኗል።

እየሳቀች መለስ ብላ አየችው። ስትስቅ ካያት ቆይቶ ነበርና ያንን ሳቅ በገዛ አፉ ማጥፋት አቃተው።

«ጫን አታድርጊው እትዬ» አለ በመጨረሻ። «ነካ አድርገሽ መልቀቅ ነው።» እጇን ያዘና ግድግዳው ላይ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ አስነካት። «እንዲህ። ሥዕሉን ለማንቀሳቀስ ደግሞ ሳትለቂ ትጎትቻለሽ።»

«ይኸው ነው እንዴ? ይሄማ ዚፕ ከማስገባት ይቀላል!»

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። እሷም ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ የምትል ሴት ናትና «ተነስ፣ ተመለስና ንገራት» አለችው። «ነገ ከባዳ ከምትሰማው ዛሬ ካንተ ትስማው።»

«ደክሞኛል» አለ።

እውነትም ደክሞት ነበር። አንገቱ እንደ እንጨት ደርቋል። ግን ያን ያህል ርቀት መሄድ የሚያቅተው ሰው እንዳልነበረ እሱም ሚስቱም ያውቃሉ። ፎጣውን አሙቃ አቀበለችውና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። እህቱ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ለክብር ቀን የምታወጣውን ሻሽ አስራለች። እሱ አንድ ነገር ቢበላሽ እንዲያስተካክል ተጠርቶ፣ ከጎን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ወለሉን ያያል። ሴትዮዋ ስክሪኑ ላይ መጣች። ትጋታቸውን አደነቀች። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ወዲያው ድምፁ ጠፋ፤ ከኋላ ያለ አግዳሚ ወንበር ገመዱን ስቦት ኖሯል። የሴትዮዋ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

«ዲዳ ሆነች!» አለች አንዷ ሠራተኛ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

አስተዳዳሪው ላብ በላብ ሆኖ በእጁ ጠራው። እህቱ ደግሞ ወደ ጎረቤቶቿ ዘወር ብላ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርጋ፣ «ቆዩ፣ አትጨነቁ፤ ወንድሜ አሁን ያስተካክለዋል» አለች።

መሰላሉን አቁሞ ወጣ። ከላይ የላላውን ገመድ አገኘው፤ በሁለት ጣቱ ያዘው። መግፋት ብቻ ነው የቀረው። ታች ሲመለከት ከእህቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሷ ፈገግ ብላ ነበር የምትጠብቀው። ከዚያ ፊቱን አየችው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የምታውቀው ፊት ነው፤ ሰባብሮ የደበቀውን ብርጭቆ፣ ከትምህርት ቤት የቀረበትን ቀን፣ ሁሉንም ሳይነግራት ታነብበት የነበረ ፊት ነው። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ወረደ።

ገመዱን ገፋው።

«... በዚህ ወር መጨረሻ ሥራ ያቆማል» አለ ድምፁ። ከዚያም ሴትዮዋ ትናንት በተስማሙት መሠረት ዝም አለች።

አልጮኹም። አንዷ ብቻ «ምን አለች? ምን አለች?» ትል ነበር። እህቱ ሰው መሐል እንደተቀመጠች የሻሿን ጫፍ ሳበችና ዓይኗን ሸፍና አለቀሰች።

በር ላይ ጠበቃት።

«ትናንት ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አዎ እትዬ።»

«ጣቴን ይዘህ ግድግዳውን ስታስነካኝ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ከሴቶቹ ጋር ሄደች።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤቷ ሲሄድ በሯን አትዘጋበትም፤ ውሃ ትሰጠዋለች፣ የልጆቹን ደኅንነት ትጠይቀዋለች፤ ነገር ግን ወሬው እንግዳ ለእንግዳ የሚያወራው ዓይነት ነው። ከዚያ ብትቆጣው ይሻል ነበር። ሥራው ቀጠለ። ከፋብሪካው ያንኑ ፕሮጀክተር እንዲያወርድ ሲላክም ሄዶ አወረደ፤ አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ላይ በላይ ተደርበው ነበር። አንድ ልማድ ግን አመጣ፦ ቢሮ ገብቶ መሰላል ላይ ሲወጣ ሰዎቹ ታች የሰው ነገር ማንሳት ከጀመሩ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ካልገባቸው «እኔ እዚህ አለሁ» ይላል። አንዳንዶቹ ያፍራሉ፣ አንዳንዶቹ ይገላምጡታል። አለቃው ጠርቶ «ደንበኛ አታስቀይም» ብሎታል፤ እሱ ግን አልተወም።

ክረምቱ ሲወጣ አንገቱ ጨርሶ ተያዘ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ መመለስ አቃተው፤ ሹፌሩ ደግፎ አውርዶ ቤቱ አስገባው። ሐኪሙ ተኛ አለው። ተኝቶ ጣሪያ ያያል፤ እረፍት ላይም ጣሪያ።

እህቱ ስትመጣ ሚስቱ ወንበር ሰጥታት ወጣች። እህቱ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋችና ትከሻውን ማሸት ያዘች።

«እትዬ፣ ያን ዕለት ...»

«ተወው።»

«አልተወውም። አስተዳዳሪውን ፈርቼ አልነበረም። ፈርቼም ነበር፤ ግን እሱ አይደለም። አንድ ሌሊት ደስ ብሎሽ ትደሪ ብዬ ነው።»

እጇ ቆመ። «የኔን ደስታ አንተ ማን ነህና ታሳድረዋለህ?» አለችው፤ ድምፅዋ አልጨከነም። «ያን ሌሊት ብትነግረኝ ቤቴ ውስጥ አልቅሼ ያልቅልኝ ነበር። ሰው ፊት አላለቅስም ነበር። እኔ የተቀየምኩህ ለሥራው አይደለም፤ ሥራውን አንተ አልዘጋኸው።»

«ሚስቴ ተመለስ ብላኝ ነበር። ደክሞኛል አልኳት።»

«ድካም!» አለችና ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። «ድካምን ለኔ ትነግረኛለህ?»

ከዚያ የራሷን ነገረችው። ከመስመሯ ከነበረች ሴት ጋር ገበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተዋል። ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፣ የተቀደደ ይሰፋሉ። ሥራው ይበዛል ይሳሳል። ክሩን ጓደኛዋ ታስገባላታለች። «አልተሻለኝም» አለች በግልጽ። «ፋብሪካው ይሻል ነበር። ግን ውዬ እገባለሁ።»

ልትሄድ ስትነሳ በሩ ጀርባ የተሰቀለውን የሥራ ኮቱን አየችው። የብብቱ ስፌት ተተርትሯል፤ ክንድ ሲያነሱ ሲያነሱ የሚበላው ቦታ ነው። አውርዳ ክንዷ ላይ ጣለችው። «ቅዳሜ መጥተህ ውሰድ» ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ቀና ማለት ስለቻለ ሄደ። የስፌት ቤቷ በደንበኛ ተጨናንቃለች፤ አንዱ ሱሪውን ጨብጦ ይጨቃጨቃል፣ ሌላዋ ቆማ ትጠብቃለች። እህቱ ከመኪናው ቀና ሳትል በአገጯ ጥግ ያለችውን በርጩማ አሳየችው።

«ተቀመጥ። ያንተ ገና ነው፤ ወረፋ ጠብቅ» አለችው።

ተቀመጠ። መኪናው ይንጫጫል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይንጫጫል። ግድግዳውን ተደግፎ ትንሽ ዓይኑን ልጨፍን አለ። ተራው ደርሶ እህቱ ኮቱን ጉልበቱ ላይ ስታስቀምጥለት እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ አልቀሰቀሰችውም።