ሰማንያ ቀን ከአንድ ቀዳዳ ስር

በ1955 ዓ.ም. በልግ ሊገባ ሲል ነው ከአገሬ የወጣሁት። መንደራችን ከደብረ ሲና በላይ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፤ ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የመጨረሻዋን ማታ እናቴ በሶ ስትቋጥር አመሸች። እኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ባለቤቴ ደምሴ ዲላ በሚባል አገር ከአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን መዛኝነት አግኝቶ ነበር። አንድ ዓመት ሠርተን እንመለሳለን አለኝ። አንድ ዓመት ምን አላት ብዬ ተነሣሁ።

ሊነጋጋ ሲል በማርያም ደጅ አለፍን። ከዚያ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። አርባ ቀን ሊሞላው ሰባት ቀን ሲቀረው ሞተብኝ። ክርስትና ስላልተነሣ ከቅጥሩ ውጭ ተቀበረ። እዚያው አጥሩ ስር ቆሜ ተሳልኩ፤ ይሄኛውን በሕይወት ከሰጠሽኝ ከዚሁ ደጅሽ አምጥቼ ክርስትና አስነሣዋለሁ አልኳት። ደምሴ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። እናቴ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችን። ስትለየኝ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማታ ማታ ሦስት ነገር ሳታመሰግኚ እንዳትተኚ። ሦስት ካጣሽ ፈልጊ።»

አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አደርን። ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከሻሸመኔ በኋላ ደግሞ ከባዶ ጆንያ ጋር በጭነት መኪና ላይ ሄድን። ሐዋሳን ካለፍን በኋላ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። እኛ ዘንድ አረንጓዴ የሁለት ወር እንግዳ ነው፤ እዚህ ግን ባለቤት ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ስር ነው፣ ከቡናው መሐል ደግሞ ቅጠሉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኮባ ቆሟል። ዐይኔ ራቅ ያለ ሜዳ ፈለገና አጣ። ገብስ የለ፣ ገደል የለ፣ አሻግረው የሚያዩት ነገር የለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንፋሽ አጠረኝ።

ቤት የተከራየነው አቶ ጎሹ ከሚባሉ፣ ወታደርነት ጨርሰው እዚያው ከቀሩ የመንዝ ሰው ነው። አንዲት ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። አገር ቤት ቆርቆሮ ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ኮርቼ ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ቆርቆሮው ሰባት የምስማር ቀዳዳ እንዳለው አወቅሁ። ሄጄ ነገርኳቸው።

«ዝናቡ እኮ የእግዜር ነው» አሉኝ። «እኔ ያከራየኋችሁ ቤቱን ነው።»

«ቤት የሚሠራው ዝናብ እንዳይገባ አይደለም እንዴ፣ አቶ ጎሹ?»

«መቼ ሁሉም ገባ? አብዛኛው ውጭ ነው ያለው።»

ተመልሼ ሳህንና ጣሳ ደረደርኩ። ደምሴ ሰኞ ወደ ገደብ ወይም ወደ ኮንጋ ቡና ሊመዝን ይሄዳል፣ ቅዳሜ ይመጣል። ሌላውን ቀን እኔና ጣሳዎቹ ነን።

ከጓሮ አጥራችን ማዶ አንዲት የአገሩ ሴት ትኖራለች። ሰው የበራሶ እናት ይላታል፤ በራሶ ትልቁ ልጇ ነው። ሚሲዮን የገባች ናት ተብዬ ስለነበር ሰላምታዬ አጭር ነበር። በግንቦት ልደታ ዳቦ ልጋግር ሊጡን አዘጋጀሁና ኮባ ፈለግሁ። እኛ ዘንድ ኮባ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የሚበቅል፣ ለዳቦ መጋገሪያ የፈለገ ሁሉ የሚቆርጠው ነገር ነው። እጄን በአጥሩ አሳልፌ ለስላሳውን፣ ገና ያልተዘረጋውን የመሐሉን ቅጠል ቆረጥኩ።

እሷ ከጓሮዋ ቆማ ታየኝ ነበር። አልጮኸችም። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን አንተ ነው የምትለኝ።

«ልቡን ቆረጥከው» አለች።

ቅጠል ነው እኮ አልኳት። የቆረጥኩበትን ቦታ በመዳፏ ይዛ ቆመች። በኋላ ነው የገባኝ። እነሱ እንሰት ይሉታል፤ እንጀራቸው እሱ ነው። ለስንት ዓመት አሳድገው ፍቀው የሚበሉት ነው፤ የመሐሉ ቅጠል ከተቆረጠ እድገቱ ይጓተታል። እኔ የሰው ማሳ ገብቼ እሸት ያጨድኩ ያህል ነው። ዳቦው ጥሩ ሆኖ ወጣ፤ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ግማሹን ይዤላት ሄድኩ። ተቀበለችኝ፣ ቆርሳ መጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝ።

ግንቦት ሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ ምጥ መጣብኝ። ደምሴ ገደብ ነበር። አጥሩን በዱላ መታሁ። የበራሶ እናት መጣች፣ እጇን ታጠበች፣ ዐይኗን ጨፍና በቋንቋዋ ጸለየች። እኔ አማተብኩ። ሴት ልጅ ወለድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር ለቅሶዋን ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ዘነበች አልኳት፤ እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ስሙን ያወጣሁት እያማረርኩ ነው።

በሦስተኛው ቀን የበራሶ እናት ከእንሰት የሚወጣውን ቡላ በቅቤ አገንፍታ አመጣችልኝ። የእናቴን የገብስ ገንፎ እያሰብኩ ነበርና አልቅሼ በላሁ፤ ስጨርስ ግን ሰውነቴ ሞቆ ነበር። በሌላው እጇ ሥሩ በጭቃ የተያዘ የእንሰት ችግኝ ይዛለች። ለልጅቷ ነው አለችኝ።

«እኛ እኮ እንሄዳለን» አልኳት። «ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ አገሬ እገባለሁ። ስለት አለብኝ።»

ችግኙን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «እስክትወስደው አስቀምጥልሃለሁ» ብላ ከአጥሯ ስር ተከለችው።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ቀኑ ነሐሴ ዐሥር ላይ ይውላል። በከሰል ግድግዳው ላይ እየጫርኩ መቁጠር ጀመርኩ። ሰኔ ውስጥ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ድልድይ በጎርፍ ተወሰደ ተባለ። እየጠበቅሁ ተቀመጥኩ። ማራስ ስለሆንኩ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ መንገድ ስለሌለ አገሬ አልገባም፤ ዝናብ ስለሆነ ደጅ አልወጣም። ልጅቷ ባነጠሰች ቁጥር ከቅጥር ውጭ ያለችው ያቺ ትንሽ የድንጋይ ክምር ትታየኛለች።

ማታ ማታ የእናቴን ሦስት ነገር አጣሁ። አንድ ማታ እስከ መጨረሻው ፈልጌ ያገኘሁት፣ ጠብታው ሳህኑ ላይ እንጂ ልጅቷ ላይ አለመውደቁን ብቻ ነው። እሱን አመሰገንኩ። በማግስቱ አንድ ጨመርኩ፤ የበራሶ እናት ያመጣችው ቆጮ ትኩስ ነበር። ሦስተኛውን ልጅቷ አገኘችልኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ ከሰባቱ ቀዳዳዎች ባንዱ ፀሐይ ትገባለች። እንደ ሽልንግ የምታህል ብርሃን ግድግዳው ላይ ታርፍና ቀስ እያለች ወርዳ አልጋው ላይ ትደርሳለች። ዘነበች በዐይኗ ትከተላታለች። አንድ ቀን እጇን ሰዳ ልትይዛት ሞከረች። ብቻዬን ሳቅሁ። ከመጣሁ ጀምሮ የራሴን ሳቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በኀምሳ ስድስተኛው ቀን አላስችል አለኝ። ደምሴን አስጨንቄ፣ ልጄን አዝዬ፣ በጭነት መኪና እስከ ድልድዩ ሄድን። ድልድዩ የነበረበት ቦታ አንድ ረጅም ግንድ ተጋድሟል። ሰው ጫማውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይሻገራል፤ ከስር ውሃው ቀይ ሆኖ ይጮኻል። አንድ ጎረምሳ መጥቶ ልጅቷን አዝዬ ላሻግርልሽ፣ ትናንት ሦስት ፍየል አሻግሬያለሁ አለኝ። ደምሴ አንቺ ያልሽው ይሁን አለኝ። እግሬን ግንዱ ላይ አኖርኩ። ግንዱ ይንቀጠቀጣል። እግሬን መለስኩ።

ለሚሻገር ሰው ደብዳቤ ሰጠን። ለእናቴ ነው፤ በነሐሴ መጀመሪያ ቅዳሜ፣ ለገበያ ስትወጣ፣ ደብረ ሲና ስልክ ቤት ትምጣ፣ እንደውላለን የሚል። ስለቱን ያለሷ ላፈርስ አልቻልኩም።

ስንመለስ አቶ ጎሹ ጣሪያው ላይ ናቸው። ሄደዋል ብለው ለሌላ ተከራይ ሊያድሱት ነው።

«ተመለሳችሁ?» አሉ ቅር ብሏቸው። ከወጡ አይቀር መድፈናቸውን ቀጠሉ። ስድስቱ ሲያልቅ ሰባተኛውን እንዲተዉልኝ ለመንኳቸው።

«ሦስት ወር ሙሉ ስትጨቀጭቂኝ ኖረሽ?»

«ይቺ የልጄ ናት።»

«እንግዲያው ከሷ ስር ብትረጠቢ እኔ ዘንድ እንዳትመጪ» ብለው ወረዱ።

ቅዳሜው ደረሰ። የዲላ ስልክ ቤት ተረኛው ወጣት ነው፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል።

«ማንን ነው የሚፈልጉት?»

«እናቴን።»

«እናትዎ ስልክ አላቸው?»

«የላትም።»

«ታዲያ በምን ልጥራቸው?»

«በር ላይ ቆማ ይሆናል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፣ ልጅቷን አየ፣ እርሳሱን አውርዶ መደወል ጀመረ። ከጠዋት እስከ ቀትር ጠበቅን። መምጣቷን በምን አውቃለሁ? ወንዙ ቢሞላባትስ? ደብዳቤው ባይደርስስ? ከዚያ ወጣቱ እጁን አወዛወዘልኝና ሦስት ደቂቃ ነው አለኝ።

የእናቴ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሆኖ ገባ። ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ባልሽ ደህና ነው? ልጅሽ ደህና ናት? የጎረቤቶችሽስ ልጆች? እኔም እሷን፣ አባቴን፣ አክስቶቼን፣ ላሟን ጠየቅሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። ሰላምታ ሳይጠናቀቅ ወደ ነገር መግባት ነውር ስለሆነ አንዳችንም አልቸኮልንም። ወጣቱ ሰዓቱን አሳየኝ። ያን ጊዜ ጨነቀኝና ድልድይ የለም፣ ሰማንያ ቀኗ የፊታችን ዓርብ ይሞላል፣ ስለቴን ምን ላድርገው አልኳት።

ሽቦው ብቻ ይጮኻል። ልጅቷ በዚያው አነጠሰች።

«እሷ ናት?» አለች እናቴ።

«እሷ ናት።»

«እዚያው ክርስትና አስነሺልኝ። ጥምቀት አንዲት አይደለችም እንዴ? የስለቱን ነገር ከማርያም ጋር እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ተቆረጠ። ወጣቱ አንድ ደቂቃ ጨምሬልሽ ነበር አለኝ፤ እርስዎ ማለቱን ረስቶት። በኋላ የአገር ሰው እንደጻፈልኝ፣ እናቴ ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጣች ቁጥር ስልክ ቤቱ በር ላይ ጥቂት ቁጭ ብላ ነው የምትመለሰው። ይሄን እስከምጽፍላችሁ ድረስ አገሬን አላየሁም። የኛ ነገር አንድ ዓመት ብሎ ይጀምራል፤ የተሰደዳችሁ ታውቁታላችሁ።

ነሐሴ ዐሥር ጠዋት ዝናቡ እንደ ልማዱ ነው። ክርስትና እናት የሆነችልኝ የአቶ ጎሹ ባለቤት ደጅ ቆማ ቶሎ በሉ ትላለች። ጥላ የለንም። ነጠላዬን ሁለት ጊዜ ባጥፈውም ውሃው ያልፋል። የበራሶ እናት ከአጥሩ ማዶ አየችን። ቢላዋዋን ይዛ ወደ እንሰቷ ሄደች፤ ያኔ እኔ የቆረጥኩት፣ አሁን ገና አዲስ ልብ ያወጣው ነው። የመሐሉን፣ ለስላሳውን ቆረጠችው።

«ልቡ እኮ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

ቅጠሉን ዘርግታ ከእኔና ከልጄ በላይ ይዛው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደች። እሷ አልገባችም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ዋርካ ስር ጠበቀችን። ልጄ ውሃው ሲነካት አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። እኔ ካህኑ «ወለተ ማርያም» ሲል ምሰሶውን ያዝኩ። ስንወጣ የበራሶ እናት ቅጠሉን እንደገና አነሣችና «የዘነበች እናት፣ ና» አለችኝ። በዚያ አገር እንደዚያ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ያን ማታ ሦስት ነገር ልፈልግ አላስፈለገኝም፤ ከሦስት የቱን እንደምተው ነው ያጣሁት።

በማግስቱ ጠዋት ዘነበችን አስተኝቼ ወደ አጥሩ ሄድኩና ችግኜን ስጪኝ አልኳት። ከነአፈሩ ነቅላ ሰጠችኝ፤ መቆፈሪያም አዋሰችኝ። ከክፍላችን ጀርባ ባለችው ቦታ ቆፈርኩ። ጥልቀቱን በክንዷ ለክታ አሳየችኝ። መቼ እንደሚደርስ ጠየቅኋት።

«ዘነበች ውሃ መቅዳት ስትጀምር» አለች።

ወደ ሰሜን ዞሬ አየሁ፤ ዛፍ ብቻ ነው የሚታየው። ችግኙን አቆምኩት፣ አፈሩን መለስኩበት፣ ዙሪያውን በእግሬ ረገጥኩት። እጄን በዝናቡ ታጠብኩና ገባሁ።